ለሐይቅ ጀልባችን ቻርጀርና ፓወር ሰፕላይ ፍለጋ፦ ደሴ፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ 2017

ጥቅምት፣ 1ኛ ሳምንት

ሞዴል ጀልባችን ተሠርቶ አልቋል ማለት ይቻላል። አካሉ ፎም ላይ የተለበጠ ፋይበር ግላስ ነው፤ ርዝመቱ 78 ሳንቲ ሜትር፣ ሞተሩ ብራሽለስ። ከእህቴ ልጅ ጋር ክረምቱን ሙሉ ስንሠራው ከረምን። አሁን የቀረን ባትሪውን ሞልተን ሐይቅ ወስደን ማንሳፈፍ ነው።

ያሉን ሁለት 4ኤስ (አራት ሴል በተከታታይ የታሰረባቸው) 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪዎች ናቸው። 6ኤስ ቢሆን ጀልባው ይበልጥ ይፈጥን ነበር፤ ግን ባትሪዎቹን ያመጣችልን የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከዱባይ፣ በአውሮፕላን። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እሱም ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው። የ4ኤሱ 14.8 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል። 6ኤሱ 111 ይሆናል። እሷን ኤርፖርት ላይ ከማጨቃጨቅ 4ኤስ ይበቃናል አልን። ጫፎቹን በናስትሮ ጠቅልላ በሰላም ገባች።

ቻርጀሩን ከአዲስ አበባ በዕቃ መላኪያ አስመጣሁ። 80 ዋት፣ እስከ 6 አምፔር፣ 3,400 ብር። የግድግዳውን 220 ቮልት ኤሲ ወደ ዝቅተኛ የዲሲ ቮልት የሚለውጥ የራሱ ፓወር ሰፕላይ የለውም፤ ከግድግዳ ሶኬት ቀጥታ አይሠራም፣ ዲሲ ይፈልጋል።

ጥቅምት፣ 3ኛ ሳምንት

ቻርጀሩ ተቃጠለ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ቤት ውስጥ የድሮ ላፕቶፕ አዳፕተር ነበረኝ፤ 19 ቮልት፣ 4.74 አምፔር፣ 90 ዋት። ቻርጀሩ 80፣ አዳፕተሩ 90 ስለሆነ ይበቃል ብዬ ሶኬቱን ቆርጬ አገናኘሁት። ስክሪኑ በራ፣ ፋኑ ዞረ፣ መሙላት ጀመረ። አራት ደቂቃ ገደማ ሲሆነው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ስክሪኑም ጠፋ። ባትሪውን ወዲያው ነቀልኩ፤ እሱ ምንም አልሆነም።

ከጎኑ የተጻፈውን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፦ ግቤት ከ11 እስከ 18 ቮልት። እኔ የሰጠሁት 19 ነው። አዳፕተሩን ያለ ጭነት በቴስተር ስለካው ደግሞ 19.4 አሳየኝ። ዋቱን አይቼ ቮልቱን ሳላይ ማለፌ ነው ያቃጠለው። ዋት በቂ መሆኑ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ቮልቱ ቻርጀሩ በሚቀበለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ፒያሳ ያለ አንድ ጠጋኝ ከፍቶ አሳየኝ፦ መግቢያው ላይ ያለው ትራንዚስተር ጠቁሯል። ቀይሮ ሞከረው፣ አልተነሳም።

ኅዳር፣ 1ኛ ሳምንት

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት ስሌቱን ከባትሪው ጀምሬ ሠራሁ። መጀመሪያም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

አንድ የሊፖ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ አራት ሴል 16.8 ይሆናል። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓትን በ1ሲ፣ ማለትም ከመጠኑ ጋር እኩል በሆነ አምፔር፣ መሙላት ማለት በ5 አምፔር መሙላት ነው። 16.8 × 5 = 84 ዋት። ይህ ወደ ባትሪው የሚገባው ነው። ቻርጀሩ ራሱ እየሞቀ የሚያባክነው አለ፤ ከሚወስደው 85 ከመቶውን ያደርሳል ብዬ ብይዝ ከፓወር ሰፕላዩ የሚስበው ወደ 99 ዋት ይሆናል። በ12 ቮልት ከ8 አምፔር በላይ ማለት ነው። በ24 ቮልት ግን 4 አምፔር ብቻ። ይቺን የመጨረሻ መስመር ያኔ ልብ ብያት ቢሆን ቀጥሎ ለ12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ያወጣኋት 800 ብር ትተርፈኝ ነበር።

ቻርጀር ስመርጥ አሁን የማየው መጀመሪያ የግቤት ቮልቱን ስፋት ነው፤ ቀጥሎ ዋቱን፣ ከዚያ አምፔሩን። አምፔሩ ትልቅ ሆኖ ዋቱ ትንሽ ከሆነ ሙሉው አምፔር የሚገኘው ቮልታቸው ዝቅተኛ በሆነ ባትሪዎች ላይ ብቻ ነው። 10 አምፔር የተጻፈበት 150 ዋት ቻርጀር በ16.8 ቮልት ላይ ከ9 አምፔር በታች ነው የሚሰጠው። ለእኛ ይበቃናል።

የመረጥኩት 150 ዋት፣ ከ7 እስከ 28 ቮልት የሚቀበል፣ እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ የሚያሳይና ባላንስ የሚያደርግ (የሴሎቹን ቮልት እኩል የሚያደርግ) ነው። ባላንስ ግዴታ ነው። ከባትሪው በነጭ ሶኬት የምትወጣው ቀጭኗ ገመድ ለ4ኤስ አምስት ሽቦ አላት፤ ቻርጀሩ በእሷ በኩል ካላየ ድምሩ 16.8 ሆኖ አንዱ ሴል 4.3 ሌላው 4.1 ሊሆን ይችላል። በዚያው በዱባይ መንገድ 5,600 ብር ወጣበት።

ኅዳር፣ 4ኛ ሳምንት

ቻርጀሩ መጣ። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ከኮምፒውተር ጥገና ቤት ያገለገለ ኤቲኤክስ (የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ) በ800 ብር ገዛሁ። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በአጭር ሽቦ ሳገናኘው ፋኑ ዞረ። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካኑ 3.3 ነው። ያለ ጭነት ቢጫው 12.05 ለካ። ጥሩ ነው ብዬ ተደሰትኩ።

5 አምፔር ሙላ ስለው 11.5 ወረደ። ቻርጀሩ ግን በራሱ ስክሪን ላይ የሚያየው 11.1 ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ 300 ዋት ይላል፤ ተለጣፊውን ቀረብ ብዬ ሳነበው ከዚያ ውስጥ ለ12 ቮልቱ የተሰጠው 10 አምፔር ነው። 120 ዋት ማለት ነው፣ የተቀረው ለ5ና ለ3.3 የተያዘ ነው። የድሮ ኮምፒውተር ብዙውን ጉልበት የሚፈልገው እዚያ ነበር።

እንደዚያም ሆኖ ይሞላ ነበር፣ ሰዓቱ አምስት ተኩል እስኪሆን። እማዬ እንጀራ ልትጋግር የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰካች። አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ ቻርጀሩ ጮኸና «የግቤት ቮልቴጅ ዝቅተኛ» ብሎ ቆመ። ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ አስገባሁ፦ 187 ቮልት። ምጣዱ ሲነቀል 216። ሊጡ ሁለት ሰዓት ያህል እስኪያልቅ ይኸው ነበር፤ ምጣዱን በሰካች ቁጥር ቻርጀሩ ይቆማል።

«ልጄ፣ የኔ ምጣድ ነው እንዴ የሚያጠፋብህ?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ምጣዱ በሁሉም ቤት አለ፤ ከምጣድ ጋር አብሮ መኖር የማይችል ፓወር ሰፕላይ ነው ጉድለቱ።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ ሳምንት

ከመጣሌ በፊት ኤቲኤክሱን ለማሻሻል ሞከርኩ። ሁለት ነገር ሠርቷል።

አንደኛው ሽቦው ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ቻርጀሩ የሄድኩት አንድ ሜትር በሆነ 0.75 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመብራት ገመድ ነበር። መሄጃና መመለሻው ሲደመር 2 ሜትር መዳብ ነው፤ 9 አምፔር ገደማ ሲያልፍበት 0.4 ቮልት እዚያው ሽቦው ላይ ይቀራል። የጠፋችብኝ 0.4 ይቺው ነበረች። ገመዱን በእጄ ስይዘው ለብ ይላል። በ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ቀየርኩት፤ ልዩነቱ ከ0.1 በታች ወረደ።

ሁለተኛው የ5 ቮልቱ ጭነት ነው። እንዲህ ያሉ የድሮ ፓወር ሰፕላዮች 5ቱንና 12ቱን በአንድ ላይ ነው የሚቆጣጠሩት። 12ቱ ላይ ብቻ ስንጭን እሱ ይወርዳል፣ ባዶው 5 ይወጣል፤ መቆጣጠሪያው ሁለቱን አማክሎ «ልክ ነው» ብሎ ይተወዋል። ቀዩና ጥቁሩ ላይ 4.7 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር አሰርኩ። አንድ አምፔር ገደማ ይስባል፣ ይሞቃል፣ ስለዚህ ፋኑ ፊት አስቀመጥኩት። 12ቱ ከ11.5 ወደ 11.8 ተነሳ። ለሁለቱም 650 ብር ወጣ።

አሁን ቻርጀሩ 11.7 ያያል። ምጣዱ ሲሰካ ግን አሁንም ይቆማል። ከዚህ በላይ ልደክምለት አልፈለግኩም፤ 10 አምፔር ከሚችለው ላይ 9 አምፔር ለአንድ ሰዓት መሳብ ራሱ ደህና አይደለም። ሳጥኑ ከኋላ እጅ አያስነካም።

ደግሞ አንድ ነገር፦ የዚህ ወር ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። በረንዳ ያደረ ባትሪ ጠዋት ላይ የእያንዳንዱ ሴል ውስጣዊ ሬዚስታንስ 9 ሚሊ ኦም ገደማ ያሳያል፤ ያው ባትሪ ከሰዓት በኋላ 6 ይሆናል። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ከተሞላ ሊቲየሙ አኖዱ ላይ እየተለበጠ ሴሉን ያበላሸዋል። ደሴ እዚያ ድረስ የሚወርድ ብርድ ብዙም ባይኖርም፣ ባትሪው ክፍል ውስጥ ሞቅ እስኪል ሁለት ሰዓት ሳላቆይ አልሞላም።

ጥር፣ 3ኛ ሳምንት

ኮምቦልቻ። ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስለሆነ የማሽን ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች እዚያ ይበዛሉ። ጠዋት ሀረጎን ወርደን ገባን፤ ደሴ በጃኬት ወጥተን እዚያ በሸሚዝ ሆንን።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ የምፈልገው ተገኘ፦ 24 ቮልት፣ 14.6 አምፔር፣ 350 ዋት፣ ወንፊት የመሰለ የቆርቆሮ ሳጥን ያለው ፓወር ሰፕላይ። ከማሽን ፓነል የወጣ፣ ያገለገለ ነው። ባለሱቁ 3,500 አለ። ሳልከራከር በፊት በጭነት ልሞክረው አልኩት።

«አብሽር ወንድሜ፣ ሞክረው» አለና ሶኬቱን አሳየኝ። ከጎን ካለው የመኪና ዕቃ መሸጫ የከባድ መኪና ግንባር አምፖል ተዋስን፤ 24 ቮልት፣ 75/70 ዋት። ሁለቱንም ክር አንድ ላይ አሰርኩ፤ 6 አምፔር ገደማ ይሆናል። አምፖሉ ሱቁን አበራው። የእህቴ ልጅ ቴስተሩን ይዞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። ያለ ጭነት 24.1። አምፖሉ ሲበራ 24.0። አሥር ደቂቃ ቆምን፤ 24.0። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጋሼ፣ አልተንቀሳቀሰም!» አለኝ። በ3,000 ተስማማን። ለአምፖሉ 250 ከፍዬ እሱንም ይዤው ሄድኩ፤ ለሌላ ሥራ ይሆነኛል።

እንዲህ ዓይነቱን የሚገዛ ሰው አንዲት ነገር እንዲያይ እለምናለሁ። በወንፊቱ ቀዳዳ በኩል የምትታይ ትንሽ መቀየሪያ አለች፤ 115 ወይም 230 ትላለች። 115 ላይ ሆና ፓወር ሰፕላዩ የኛ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። የኔ 230 ላይ ነበረች፤ በካቻቢቴ ነካክቼ መጨረሻ ድረስ መድረሷን አረጋገጥኩ። እዚያው ላይ ግቤት ከ180 እስከ 264 ቮልት ይላል። 187ቷን የምጣድ ቮልት ይችላታል ማለት ነው።

የካቲት፣ 1ኛ ሳምንት

ቤት አምጥቼ ሰካሁት፣ እጄ ሳጥኑን ሲነካ ነዘረኝ። ቀላል ንዝረት ናት፣ ግን ንዝረት ናት። ከሳጥኑ ቆርቆሮ እስከ እርጥብ መሬት በቴስተር ስለካ 108 ቮልት። የ220 ግማሽ ገደማ ነው። ፓወር ሰፕላዩ አልተበላሸም፤ ውስጡ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ከሁለቱ መስመሮች ወደ ሳጥኑ ስለሚሄዱ ኤርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ከሌለው የሳጥኑ ቮልት መሐል ላይ ይንሳፈፋል። የኛ ቤት ሶኬት ሦስተኛው ቀዳዳው ከምንም ጋር አልተገናኘም። ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ እንዲሁ ነው ያለው፤ እስከዛሬ አላወቅንም።

ይህን አልፌ መሄድ አልፈለግኩም። ልጅ የሚነካው ዕቃ ነው። ኤሌክትሪሺያን አስመጥቼ ጓሮ የመዳብ ዘንግ አስተከልኩ፤ ሽቦውን እስከ ማከፋፈያው አስገባ፤ 1,800 ብር። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ 0.3 ቮልት ለካ። እማዬም ማጠቢያ ማሽኑ «እንደ ጉንዳን የሚቆነጥጣት» ነገር መቆሙን ነገረችኝ። ዓመት ሙሉ ሳትነግረኝ ቆይታለች።

የካቲት፣ 3ኛ ሳምንት

ፓወር ሰፕላዩ ሞርሴቶው (የሽቦ ማሰሪያው) የተገለጠ ስለሆነ 220ው እንዲሁ ይታያል። በእንጨት ሳይሆን በቆርቆሮ ሳጥን ከተትኩት፤ ፊቱ ላይ ማብሪያ፣ መግቢያው ላይ 5 አምፔር ፊውዝ፣ መውጫው ላይ 15 አምፔር የመኪና ፊውዝ፣ ከዚያ ወደ ቻርጀሩ የሚሄድ ኤክስቲ60 የሚባል ሶኬት። የ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትሩን ሽቦ ከኤቲኤክሱ ነቅዬ እዚህ ተጠቀምኩበት። የአየር መግቢያ ቀዳዳ በሁለት በኩል። 1,450 ብር።

እሑድ ሆን ብዬ እማዬ ምጣድ ስትሰካ ጠብቄ ባትሪ ሰካሁ። በ5 አምፔር፦ የሶኬቱ ቮልት 188፣ የፓወር ሰፕላዩ 24.0። ወደ 8 አምፔር ከፍ አደረግኩት፤ 24.0። ሙሉውን ጋገራ አብሮ ሞላ። ከኅዳር ጀምሮ የፈለግኩት ይህን ነበር።

እስካሁን የወጣው 16,700 ብር ነው፣ ባትሪውንና አምፖሉን ሳይጨምር። ከዚያ 4,200ው የተቃጠለው ቻርጀርና መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ኤቲኤክስ ነው። በጀቴን ሁሉ ቻርጀሩ ላይ አድርጌ ፓወር ሰፕላዩን ከቤት በተገኘ ነገር ልወጣው ማለቴ ነው ያስወጣኝ።

መጋቢት፣ 2ኛ ሳምንት

የመሙያ ቦታ። እማዬ የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ነበራት። ሲሚንቶ በረንዳው ላይ አስቀምጬ ባትሪውን መሐሉ ላይ አደርጋለሁ፤ በዙሪያው አንድ ክንድ ያህል ምንም ነገር የለም። ከጎኑ ደረቅ አሸዋ የሞላ የቆየ ብረት ድስት አለ። ሊፖ ከተቀጣጠለ የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሞላም፤ ሰውም ከአጠገቡ አይለይም። እማዬ መጀመሪያ ስትሰማ ፈርታ ነበር፤ ምጣዱን የሰጠችኝ ግን ራሷ ናት፤ «እሳት የለመደ ነገር ይሻለዋል» ብላ።

ያስደነገጠን ነገር የመጣው ከሳጥኑ ሳይሆን ከምርጫው ነው። የእህቴ ልጅ ባትሪውን ሰክቶ ዓይነቱን ሲመርጥ ሊፖ በማለት ፋንታ ሊ-ኤችቪ ላይ አቆመው። ሊ-ኤችቪ በሴል እስከ 4.35 ቮልት የሚሞላ ሌላ ዓይነት ባትሪ ነው፤ የኛ 4.2 ላይ መቆም አለበት። እኔ ሻይ ይዤ ስመጣ ስክሪኑ ላይ 4.22፣ 4.23፣ 4.22፣ 4.22 ይላል፤ አምፔሩም ገና 5 ነው። 4.2 ላይ የደረሰ ሊፖ አምፔሩ መውረድ መጀመር ነበረበት። ያነቃኝ እሱ ነው። አቆምኩት፤ ቻርጀሩ ራሱ እንዲያወርደው አድርጌ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥን። አላበጠም።

ልጁ ቀኑን ሙሉ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ አንዱ ይመርጣል፣ ሌላው ሦስቱን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፦ ዓይነት፣ የሴል ብዛት፣ አምፔር። ሳይነበብ «ጀምር» አይጫንም።

ሚያዝያ፣ 4ኛ ሳምንት

ሐይቅ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው ዳር መብራት የለም፣ ስለዚህ የቻርጀሩ ሰፊ ግቤት እዚህ ዋጋውን መለሰ። 12 ቮልት 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ይዘን ሄድን። የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ቢወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ግማሹ 360 ዋት ሰዓት ነው። ሊፖውን 20 ከመቶ ሲቀረው ነው የምናወጣው፤ መልሶ ለመሙላት 60 ዋት ሰዓት ገደማ፣ ብክነቱ ሲጨመር 70። አምስት ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ቻርጀሩ ግቤቱ 11.8 ሲደርስ እንዲያቆም አስተካከልኩት፤ የሰው መኪና ባትሪ ስለሆነ ልጠነቀቅለት ይገባል።

ሦስት ጊዜ ሞላን። ሲያበቃ የመኪናው ባትሪ አርፎ 12.4 ለካ፤ መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ጀልባው አራት ጊዜ ወጥቶ አራት ጊዜ ተመለሰ። ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን አቁመው ያዩት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ለልጁ «መርቄሃለሁ፣ ትልቁን ሥራው» አሉት።

ሰኔ፣ 2ኛ ሳምንት

ዝናቡ ጀመረ። እስከ መስከረም ሐይቅ የለም። ሁለቱም ባትሪዎች ግን ሙሉ ናቸው፤ ሳምንት ሳንሄድ ቀርተን ነው። ሙሉ ሊፖ ለወራት ከተቀመጠ ያብጣል፤ ማረፊያው በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ነው። ቻርጀሩ የማውረጃ ምርጫ አለው፣ ግን በውስጡ የሚያባክነው 10 ዋት ብቻ ስለሆነ ለአንድ ባትሪ 4 ሰዓት ይፈጃል።

የኮምቦልቻው አምፖል ለዚህ ሆነ። ባትሪው ላይ አንዱን ክር አሰርኩት፤ 24 ቮልቱን ስለማያገኝ ቢጫ ሆኖ ይበራል፣ ወደ 2 አምፔር ተኩል ይስባል። ባላንስ ገመዱ ላይ 3.8 ሲደርስ የሚጮኽ ትንሽ አላርም ሰካሁ፤ አምፖሉን ረስቶ መሄድ ባትሪውን ይገድለዋልና። የመጀመሪያው በ55 ደቂቃ ጮኸ። ሲነቀል 3.83፣ 3.83፣ 3.82፣ 3.83 ላይ አረፈ። ሁለተኛው አሁን እየበራ ነው፤ የእህቴ ልጅ በብርሃኑ የቤት ሥራውን ይሠራል።